የቶም ሎንግቦት ቀይ ክር

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ስለ ቶም ሎንግቦት ነው የማወራው፤ በእጅ ስለሚሠራ የሎንግቦት ሥዕል። ሥዕል እንበለው እንጂ ግማሹ እንጨት፣ ክርና ዶቃ ነው።

ሰውዬው ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ፣ በግራንድ ሪቨር የተወለደ፣ ኦኖንዳጋ ከሚባለው የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆነ ሯጭ ነው። በፈረንጆቹ 1907 የቦስተን ማራቶንን በ2:24:24 አሸነፈ። መንገዱ ያኔ 39 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በዚያው ውድድር የነበረውን ክብረ ወሰን ግን በ5 ደቂቃ ያህል ነው ያሻሻለው።

ብዙዎች መጀመሪያ ትልቅ የላባ ዘውድ ይደፉለታል። እባካችሁ ተዉት፤ ያ የላኮታና የሌሎች በአሜሪካ ሰፊ ሜዳ የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች ነው፤ የእሱ ወገኖች አይደለም። ሥዕሉን የሮጠበት መንገድ ይሸከመው።

60 በ40 ሳንቲም የሆነ፣ 9 ሚሊ ውፍረት ያለው ኮምፔርሳቶ ያዙ። ፊቱን በነጭ አክሪሊክ ሁለቴ፣ ጀርባውን አንዴ ቀቡ። ጀርባው ከተረሳ እርጥበቱን ፊቱ ብቻ ይጠጣና ጣውላው ይጣመማል።

የሎንግቦት ፎቶ በሌዘር ማተሚያ ይታተም፤ የኢንክጄት ቀለም ውሃ ሲነካው ይፈሳል። ከማተማችሁ በፊት ግራ ቀኙን አገላብጡት። ጣውላው ላይ አክሪሊክ ጄል ስስ አድርጋችሁ ቀብታችሁ፣ ፎቶውን በፊቱ ድፉትና በካርድ ከመሃል ወደ ዳር አየሩን አስወጡ። ከዚያ 24 ሰዓት አይነካም። አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ሰው ይቸኩላል። ሲደርቅ ወረቀቱን በስፖንጅ አርጥቦ፣ በጣት ሆድ እያሹ ማንሳት ነው። ጥፍር ከገባ የሰውዬው ፊት አብሮ ይላጣል። በኋላ ነጭ ጭጋግ ከታየ የቀረ ወረቀት ነው፤ እንደገና አርጥባችሁ ቀስ ብላችሁ እሹት።

አሁን ወደ መንገዱ። ከግራ መነሻው አሽላንድ፣ ከቀኝ መድረሻው ቦስተን፤ መታጠፊያው ሁሉ ተቆጥሮ 52 ሳንቲም ይሁን። ስለዚህ 1 ሳንቲም 750 ሜትር ነው። በየ2 ሳንቲሙ በትራፓኖ ቀዳዳ እየበሳችሁ ቀይ ክር አሳልፉ። ከሥር ትርፍ እንጨት ካልደገፋችሁ የቀዳዳው አፍ ይሰነጠራል።

ከመነሻው 10 ሳንቲም ገደማ ላይ ሳውዝ ፍራሚንግሃም አለ። የጭነት ባቡር መጥቶ ከኋላ የነበሩትን ሯጮች ያገደው እዚያ ነው። ሐዲዱን በሁለት ሽቦና በክብሪት እንጨት ሥሩት። የተከታዮቹን ግራጫ ክር ሐዲዱ ጋ ቋጥሩና ክፍተት ትታችሁ ቀጥሉት። ሁለት ሦስቱን ግን ሳትቆርጡ ከቀዩ ጋር አሳልፉ፤ ከፊት ሆነው አብረውት የተሻገሩም ነበሩ፣ እነሱንም ጥሏቸው ነው የገባው። ባቡሩ አሸነፈለት የሚል ሥዕል ዋሽቷል።

ዶቃው ይቀረናል። የሎንግቦት ወገኖች፣ ኦኖንዳጋን ጨምሮ የተባበሩት ሆዴኖሾኒ የሚባሉ ሕዝቦች፣ ዶቃን ከጨርቁ ከፍ አድርገው በመስፋት ይታወቃሉ። ምስጢሩ ቀላል ነው፦ 1 ሳንቲም ለሚሆን ስፌት 1.3 ሳንቲም የሚሆን ዶቃ ክሩ ላይ ስኩ፤ ስትስቡት ቀስት ሠርቶ ይነሳል። የእንጆሪ ቅርጽ ያምርበታል። ዋምፐም የሚባሉትን ከዛጎል ዶቃ የተሠሩ መቀነቶች ንድፍ ግን አትቅዱ፤ የሕዝቡ የውል መዝገብ እንጂ ጌጥ አይደሉም።

ዶቃውን የምትሰፉበት ቬልቬት ጨርቅ ከጀርባው ወፍራም ወረቀት ይለጠፍበት፤ አለዚያ ክሩ ሲጠብቅ ይሸበሸባል። ጣውላው ላይ ስታጣብቁትም ኮላውን ወረቀቱ ላይ ብቻ፣ ስስ አድርጉት። ወደ ቬልቬቱ ፀጉር ከወጣ አይለቅም።