ቫይታሚን ሲበዛ

(ምስል፦ በበረዶ ሜዳ ላይ ጋሪ የሚጎትቱ ሁለት ሰዎች)

እ.ኤ.አ. በ1912 መጨረሻ አንታርክቲካን በማሰስ ላይ የነበሩት ዳግላስ ማውሰን እና ዣቪየር መርትዝ፣ አብዛኛው ስንቃቸው ከባልደረባቸው ጋር የበረዶ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ስለቀረ፣ ጋሪያቸውን ይጎትቱ የነበሩትን ውሾች እየገደሉ ለመብላት ተገደዱ። ጉበቱ ከሥጋው ይልቅ ለማኘክ የቀለለ ነበር። ሳምንታት ሳያልፉ የሁለቱም ቆዳ ይላጥ ጀመር፤ መርትዝ በ1913 መጀመሪያ ሞተ፣ ማውሰን ተረፈ። የሞቱ ምክንያት እስካሁን ያከራክራል፤ ሆኖም በስፋት የሚጠቀሰው ማብራሪያ በውሻ ጉበት ውስጥ የተከማቸው ቫይታሚን ኤ መርዟቸዋል የሚል ነው። «ቫይታሚን» የሚለው ስም ራሱ የወጣው በዚያው በ1912 ነበርና ከዚህ እንዲጠነቀቁ ሊነግራቸው የሚችል ሰው አልነበረም።

(ምስል፦ የጉበት ሥዕል)

ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ በስብ የሚሟሙ በመሆናቸው ትርፋቸው በቀላሉ በሽንት አይወጣም፤ በተለይ ኤ በጉበት፣ ዲ ደግሞ በሰውነት ስብ ውስጥ ይጠራቀማሉ። አንድ አዋቂ ወንድ በቀን 900 ማይክሮግራም ያህል ቫይታሚን ኤ የሚበቃው ሲሆን፣ ሬቲኖል በተባለው መልኩ ሲወሰድ ማለፍ የሌለበት ወሰን 3,000 ማይክሮግራም ነው። በሚበቃውና በሚጎዳው መካከል ያለው ርቀት ብዙዎች ከሚገምቱት በጣም ያጠረ ነው። በእርግዝና ወቅት፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ከመጠን ያለፈ ሬቲኖል ፅንሱ ላይ የአካል ጉድለት ሊያስከትል ይችላል። ቫይታሚን ዲ ሲበዛ ደግሞ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ በማድረግ ኩላሊትን ይጎዳል።

ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ቤታ ካሮቲንስ? ሰውነት የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ወደ ቫይታሚን ኤ ስለሚለውጠው፣ ከምግብ ሲገኝ አይመርዝም። በኪኒን ሲሰጥ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 ወንድ አጫሾች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ1994 የወጣ ጥናት፣ በቀን 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ሰዎች ካልወሰዱት ይልቅ በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ18 በመቶ ከፍ ብሎ እንደነበር አሳይቷል። ጥናቱ የተጀመረው ካንሰርን ይከላከላል በሚል ተስፋ ነበር።

በውኃ የሚሟሙት ቫይታሚኖች ትርፋቸው በሽንት ይወጣል መባሉ በአብዛኛው እውነት ቢሆንም፣ ሁልጊዜ ዋስትና አይሆንም። ቫይታሚን ቢ6 በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ነርቭን ይጎዳል፤ ምልክቱም ብዙውን ጊዜ የእግርና የእጅ ጣቶች መደንዘዝና መውረር ነው። ቫይታሚን ሲ በቀን ከ2,000 ሚሊግራም ሲያልፍ የሚያስከትለው ተቅማጥ፣ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላሉ ነው።

ማዕድናት ደግሞ እርስ በርስ ይሻማሉ። ዚንክ ለወራት በብዛት ሲወሰድ መዳብ ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግድ፣ ጤናዬን እጠብቃለሁ ያለው ሰው በመዳብ እጥረት ለደም ማነስ ሊዳረግ ይችላል። የብረት ኪኒን ለአዋቂ መድኃኒት ሲሆን፣ ከረሜላ መስሎት ብዙ ፍሬ የዋጠን ሕፃን ግን ሊገድል ይችላል።

(ምስል፦ ጀርባቸው የዞረ ሦስት ብልቃጦች፤ በሦስቱም ላይ «ዚንክ» የሚለው ቃል ተሰምሮበታል)

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአንድ ብልቃጥ አይደለም። አንዱ ቫይታሚኖችን አጠቃልሎ የያዘ፣ ሌላው «ለጸጉርና ለጥፍር»፣ ሦስተኛው «ለበሽታ መከላከያ» ተብለው የተገዙ ሲሆን፣ ፊት ለፊታቸው ላይ ያለው ስም ቢለያይም ከጀርባቸው በደቃቁ የተጻፈው ዝርዝር ይደጋገማል። መደመር ያለበት ይህ ዝርዝር ነው።

ለጸጉርና ለጥፍር በሚሸጡት ውስጥ የሚበዛው ባዮቲን የተባለ ቫይታሚን በራሱ መርዛማነቱ የታወቀ አይደለም፤ የላቦራቶሪ ምርመራን ግን ያሳስታል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 እንዳስጠነቀቀው፣ ድንገተኛ የልብ ጥቃት መኖሩን ለማወቅ በደም ውስጥ የሚለካው ትሮፖኒን የተባለ ፕሮቲን ከትክክለኛው ዝቅ ብሎ ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ ደም የሚቀዳው ባለሙያ «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱ ብልቃጦቹንም ይጨምራል።