መጀመሪያ ቅዱት፣ ከዚያ ፈልጉት

ሰላም አድማጮች። ዛሬ የማወራው በልጅነታችን ቋንቋውን ሳናውቅ በቃላችን ስለሸመደድነው የባዕድ አገር የሕዝብ ዘፈን ነው። ድንገት ትዝ ሲለን ወዲያው ስልክ ላይ ፍለጋ እንገባለን። እኔ ግን መጀመሪያ እንደምታስታውሱት ዘፍናችሁ ቅዱት ባይ ነኝ። የሌላውን አዘፋፈን ደጋግማችሁ ከሰማችሁ የራሳችሁን ነጥሎ ማስታወስ ይከብዳል። ሁለት ጊዜ ቅዱ፤ አንዴ ከነቃሉ፣ አንዴ በ«ላ ላ» ብቻ። ቃሉ የጠፋባችሁን ቦታ አትዝለሉት፣ አንጎራጉሩበት፤ ቃል ጠፍቶ ዜማ መቅረቱ የተለመደ ነው።

ወደ ፍለጋው። ሻዛም የሚባለው ዘፈን ለዪ የስልክ መተግበሪያ የሚያመሳስለው የተቀዳን ሙዚቃ ስለሆነ ለእንጉርጉሮ አይመችም። ጉግል ላይ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ብታንጎራጉሩ ይሻላል፤ ብዙ ያልተቀረጸ ዘፈን ከሆነ ግን እሱም ሌላ ነገር ይዞላችሁ ይመጣል።

እዚህ ላይ እኔ የምወደው ዘዴ የእንግሊዛዊው ዴኒስ ፓርሰንስ ነው፤ ዘዴውን ያቀረበበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1975 ነው የወጣው። ከመጀመሪያው ድምፅ በኋላ እያንዳንዱ ድምፅ ከበፊቱ ወጣ፣ ወረደ ወይስ እዚያው ቆየ? የምትጽፉት ይህንን ብቻ ነው። የፈረንሳዮቹን የልጆች ዘፈን «ፍሬር ዣክ»ን እንውሰድ፦ ወጣ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ እዚያው፣ ወጣ፣ ወጣ፣ ወረደ። ሙዚፔዲያ ድረ ገጽ ላይ ወጣን በ«ዩ»፣ ወረደን በ«ዲ»፣ እዚያውን በ«አር» ታስገባላችሁ። ስንት እንደወጣ ስለማይጠይቅ ቅኝቱን አዛብታችሁ ብታስታውሱትም ያልፋል። የሙዚቃ ደራሲው ማህለር በ1ኛ ሲምፎኒው 3ኛ ክፍል ይህንኑ ዜማ ማይነር፣ ማለትም ሐዘን ያዘለ ቅኝት፣ አድርጎታል፤ መውጣት መውረዱ ግን በአብዛኛው ያው ነው።

በቃል መፈለግ ይበልጥ ያስቸግራል። ፈረንሳይኛ ሲነገር የሚዋጠው የመጨረሻ አናባቢ ሲዘፈን ይሰማል፤ ሁለት ቀለም የነበረው አራት ሆኖ «ፍሬ-ረ ዣ-ከ» ይባላል። የሰማችሁትን እንዳለ ብትጽፉት ታዲያ ፍለጋው ባዶ እጃችሁን ይመልሳችኋል። ስለዚህ አዝማቹን ያዙ፤ ብዙ ስለሚደጋገም በደንብ የሚቆየው እሱ ነው። ከእሱ ላይ ሦስት አራት ቀለም ቆርጣችሁ፣ የመጨረሻዎቹን አናባቢዎች አንዴ እየጣላችሁ አንዴ እየመለሳችሁ ሞክሩ።

ስታገኙት ከቅጂያችሁ ጋር አስተያዩት። ስንኝ ቢጎድል ወይም ቢለያይ ተሳስቼ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፤ የሕዝብ ዘፈን ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ለልጆች ሲያስተምሩም ያሳጥሩታል። ሁለት ሦስት አዘፋፈን ሰምታችሁ ፍረዱ።

እንደገና ስታጠኑት ዜማውን ተዉትና ቃሉን በምቱ ብቻ አንብቡት፤ ዜማው ከገባ የድሮው አነጋገር ተከትሎት ይመጣል። ከመጨረሻው ስንኝ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ጨምሩ፤ እንዲህ ሲሆን ሁልጊዜ የምትሄዱት ወደምታውቁት ነው። የምትሳሳቱበትን ቃል ደግሞ ብቻውን አትደጋግሙት። ስህተቱ ያለው ከፊቱ ካለው ቃል ወደ እሱ ስትሻገሩ ነውና፣ ሁለት ቃል ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ጀምሩ።