የጸደቀውን ቁጠሩ

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ እንኳን ለዓለም አቀፉ የደን ቀን አደረሳችሁ።

የተባልኩት ስለ ዘላቂ የደን አያያዝ በጠቅላላው እንድናገር ነው። እሺ፣ እናገራለሁ። ግን እናንተም እኔም የምናውቀው፣ በሻይ ሰዓት እያማነው መድረክ ላይ ስንወጣ የምንውጠው ነገር አለና ከሱ ልጀምር። የተከልነውን እንጂ የጸደቀውን አንቆጥርም።

አንድ ጊዜ የተከላ ቦታ እንድገመግም ተላክሁ። ሪፖርቱ ያማረ ነበር። ስደርስ ችግኞቹ በረድፍ ቆመዋል፤ ግን ደርቀዋል። አንዱን ሳብ ባደርገው ከነፕላስቲኩ ብድግ አለ። ለካ ማንም አልቀደደውም! ሥሩ መውጫ አጥቶ እዚያው ከረጢቱ ውስጥ ተጠምጥሟል። ቀጣዩን ሳብኩ፤ ያው ነው። ከሱ ቀጥሎ ያለውም ያው። ተመልሼ ለኃላፊው ነገርኩት። ቅጹን አውጥቶ አሳየኝ። «የተተከለ» የሚል ዓምድ አለ። «የጸደቀ» የሚል የለም። «ታዲያ የቱ ጋ ልሙላው?» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። የምሩን ነው።

ይሄ የአንድ ቢሮ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2020 በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ሄክታር ደን ተመንጥሯል። በዚያው ጊዜ 5 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ አዲስ ደን በየዓመቱ ተገኝቷል። እና አንዱ ከሌላው ይቀነስና «ጉዳቱ ግማሽ ነው» ይባላል። የምን ግማሽ? ዘመናት የኖረ የተፈጥሮ ደን በአንድ ዓይነት ዛፍ ረድፍ ይተካል? ወፉ፣ ነፍሳቱ፣ አፈር ውስጥ ያለው ፈንገስ ከችግኝ ጣቢያ ይመጣል? እስቲ ንገሩኝ!

ዛፍ አይቆረጥ አላልኩም። በጀርመን የሳክሶኒ ግዛት የማዕድን ሹም የነበረው ፎን ካርሎቪትስ እ.ኤ.አ. በ1713 ነገሩን ጨርሶታል፦ ደን ከሚተካው በላይ አይቆረጥ። ዛፍ ወዳድ ስለነበረ አይደለም፤ የማዕድን ማቅለጫው እንጨት እያለቀበት ነው።

ስለ ሕገወጥ ቆረጣና ስለ ሳተላይት ክትትል ሌሎች ይናገራሉ። አንድ ብቻ ልጨምር። ደን በአብዛኛው የሚመነጠረው ለእርሻና ለግጦሽ ነው። የግብርና ሰዎች የሌሉበት የደን ስብሰባ እርስ በርስ መወዳደስ ነው። ዛሬም አላየኋቸውም።

ከሰዓት የምንፈርመው አዲሱ የሪፖርት ቅጽ ይኸው እጄ ላይ ነው። ዓምዱ አሁንም የለም። «ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት ያለ» የሚል እስኪገባበት እኔ አልፈርምም።

አመሰግናለሁ።