ከተማ በቴሌቪዥን ሲተዋወቅ፦ የቀይ ፊኛዋ ነገር

[ምስል፦ አረንጓዴ ሜዳ፣ አንድ ቀይ ፊኛ]

የሳሙና ማስታወቂያ ሁላችንም ለምደናል። ግን ገና ተሠርቶ ያላለቀ ከተማ በቴሌቪዥን ወጥቶ «ኑ፣ እኔ ጋ ኑሩ» ሲልስ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ነገሩ የሆነው ብሪታንያ ውስጥ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለንደን በቦምብ ተጎድታ፣ ቤት ጠፍቶ ሰው ተጨናንቆ ነበር። በ1946 የአዳዲስ ከተሞች ሕግ ወጣ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መንግሥት ቦታ ይመርጥና የልማት ኮርፖሬሽን ያቋቁማል፤ ኮርፖሬሽኑ ከመንግሥት ተበድሮ መሬት ይገዛል፣ መንገድና ቤት ይሠራል፣ ከዚያ ለፋብሪካና ለቢሮ ቦታ እያከራየ፣ እየሸጠም ብድሩን ይከፍላል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሥራ ከሌለ ሰው አይመጣም። ሰው ከሌለ ደግሞ ድርጅት አይመጣም። ማስታወቂያው ያስፈለገው ይህን ቋጠሮ ለመፍታት ነው።

[ምስል፦ የከተማዋ ካርታ]

ሚልተን ኪንስ እንድትቆረቆር የተወሰነው በ1967 ነው። ለንደንና በርሚንግሃም መካከል ያለች፣ ለ250 ሺህ ሰው የታቀደች ከተማ ናት። ዋና ዋና መንገዶቿ በግምት በየአንድ ኪሎ ሜትሩ እየተቋረጡ እንደ ስኩዌር ደብተር ይታያሉ። እግረኛና ብስክሌተኛ ደግሞ ከመኪናው የተለየ፣ ቀላ ያለ የራሱ መንገድ አለው። በሚሊዮን የሚቆጠር ዛፍም ተተክሏል። ግን ይህን ማን ያውቃል? ከተማዋን በአካል ያላየ ሰው አፉ ላይ የነበረው ኮንክሪት፣ አደባባይ፣ በ1978 የቆሙት የኮንክሪት ላሞች ሐውልት፣ በቃ!

በ1980ዎቹ ማስታወቂያው መጣ። አንድ ልጅ ቀይ ፊኛ ይዞ በከተማዋ ውስጥ ያልፋል፤ መጨረሻ ላይ ሰማዩ በቀይ ፊኛ ይሞላል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «ሁሉም ከተሞች እንደ ሚልተን ኪንስ ቢሆኑ ደስ አይልም?»

አሁን በማስታወቂያው ውስጥ የሌለውን ነገር ልብ በሉ። የኪራይ ዋጋ የለም። የፋብሪካ ሼድ የለም። ስለ አውራ ጎዳና ርቀት የሚያወራ ሰው የለም። እኔ ብልህነቱ እዚህ ላይ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም አንድ ሥራ አስኪያጅ ድርጅቱን ከለንደን ለማንቀሳቀስ ሲያስብ ዋጋውን ከወረቀት ላይ ያነበዋል፣ ማታ ቤት ሲገባ ግን ሚስቱ «ልጆቹስ?» ትለዋለች። ፊኛዋ የምትመልሰው ለእሷ ነው። ልጅ ያለ ስጋት የሚዘዋወርበት መንገድ ደግሞ ለካሜራ ተብሎ የተፈጠረ አይደለም፤ መሬት ላይ ነበር። ተመልካች መጥቶ ሲያየው ያገኘዋል።

ሌሎች ከተሞችም ሞክረዋል። ፒተርቦሮ ተዋናዩን ሮይ ኪኒርን የሮማ ወታደር አልብሳ አቀረበችው፤ ሮማውያን በአካባቢው ስለነበሩ ቀልዱ ሥር ነበረው። የስኮትላንዷ ከምበርኖልድ ደግሞ «ስሟ ማነው? ከምበርኖልድ» የሚል መፈክር ይዛ ወጣች። ጆሮ ላይ ይቀራል፣ አዎ። ግን ስሟን ከማስታወስ ሌላ እዚያ መኖር ምን እንደሚመስል አይነግራችሁም። የከተማዋ መሀል፣ ያ ግዙፍ የኮንክሪት ሕንፃ፣ በትችት ሲነሳ ኖሯል፤ ለዚያ ትችት መፈክሩ መልስ የለውም።

[ምስል፦ ፊኛዎች ወደ ሰማይ]

የሚልተን ኪንስ ልማት ኮርፖሬሽን በ1992 ተዘጋ። በ2021 ቆጠራ በአስተዳደር ክልሏ ውስጥ ከ280 ሺህ በላይ ሰው ነበር። ሁሉንም ያመጣው ማስታወቂያው ነው አልልም፣ ሥራውና ቤቱ ነው ያመጣው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ብሪታንያ ውስጥ «ሲቲ» መባል በዘውዱ ፈቃድ የሚሰጥ ማዕረግ ነው። የማስታወቂያው ጥያቄ በእንግሊዝኛው «ሲቲዎች» ብሎ ሚልተን ኪንስን ከእነሱ ተርታ ሲያሰልፋት ማዕረጉ አልነበራትም። ያገኘችው በ2022 ነው።