ጥንብ አንሳ ሲጠፋ፣ ውሻ ሲበዛ

[ምስል፦ ቦሌ አራብሳ፣ ማለዳ። ከኮንዶሚኒየም ብሎክ ጀርባ ያለ ሜዳ። ከሜዳው ማዶ ገደል።]

ተራኪ፦ በዓል ሲሆን የኛ ብሎክ ቅርጫ የሚታረደው እዚህ ሜዳ ላይ ነው። ጎህ ሲቀድ በሬው ይወድቃል። ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፋፈላል፣ ዕጣ ይወጣል። ረፋድ ላይ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ወደ ቤቱ ገብቷል። ሜዳው ላይ የሚቀረው ደም፣ ፈርስ እና ማንም ያልፈለገው አንጀት ነው። እሱም በጆንያ ተጎትቶ ገደል ይገባል።

ከዚያስ?

ይህ ቪዲዮ ስለዚያ «ከዚያስ» ነው።

[ምስል፦ የብሎኩ ጥበቃ፣ ጋቢ ለብሰው፣ ወደ ገደሉ ሲያመለክቱ።]

የብሎካችን ጥበቃ ድሮ እዚሁ መሬት ላይ ገበሬ ነበሩ። አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ያኔ ከብት ሲሞት ምን ታደርጉት ነበር?»

«ምን እናደርገዋለን ልጄ? አውጥተን መጣል ነው። ቀን አሞራው፣ ማታ ጅቡ። በሦስተኛው ቀን ብትሄድ ነጭ አጥንት ብቻ ነው የምታገኘው።»

አሁን ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሜ የምቆጥረው ውሻ ነው። ባለፈው በዓል ማግስት 17 ደረስኩና ተውኩት። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንላለን። ተረቱ የሚነቅፈው ዘግይቶ የሚጮኸውን ነው። እኔ ግን እንደ ቃሉ ልውሰደው። ጥንብ የሚያነሳው ሲሄድ ውሻው ይመጣል። ከውሻው ጋር ደግሞ በሽታ አብሮ ይመጣል።

[ምስል፦ ቡናማ ጥንብ አንሳ፣ ፊቱ በቅርበት።]

እስቲ ይህን ወፍ ደህና አድርገን እንየው። ብዙዎቻችን አስተውለነው አናውቅም። በቄራና በቆሻሻ መጣያ አካባቢ የሚያንዣብበው ትንሹ፣ ቡናማው ጥንብ አንሳ ነው። ፊቱ ላይ ላባ የለም፤ ቆዳው ሮዝ ነው። ሲሻማ ደም ይሞላና ይቀላል። ምንቃሩ እንደ ወስፌ ቀጭን ነው። ትልልቆቹ ዘመዶቹ ትተውት የሄዱትን ቁራጭ ከአጥንት መሃል ለቅሞ ያወጣል። ከ2015 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ ነው) በዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች አንዱ ሆኗል።

የጥንብ አንሳ ትልቁ ሀብቱ ጨጓራው ነው። እዚያ ውስጥ ያለው አሲድ በጣም ኃይለኛ ነው። እኛን የሚገድል ጥንብ በልቶ ምንም አይሆንም። አብዛኛው ጀርም እዚያው ያልቅለታል። ውሻ ግን እንደዚያ አይደለም። ውሻ ጥንቡን በልቶ ሲጠግብ እኛ በር ላይ መጥቶ ይተኛል። ልጆቻችን ይዳብሱታል።

አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኛው ጥንብ አንሳ በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ነው የሚጥለው፤ ጫጩቱ ባይተርፍ ዓመቱ ባከነ ማለት ነው። ውሻ ግን በአንድ ወሊድ አምስት ስድስት ቡችላ ትጥላለች። ስለዚህ ቦታው አንዴ ከተለቀቀ ማን ቀድሞ እንደሚሞላው ግልጽ ነው።

[ምስል፦ የሕንድ ገጠር፣ የሞተች ላም፣ ዙሪያዋን ውሾች።]

ይህ ሕንድ ውስጥ ደርሷል። በ1990ዎቹ ጥንብ አንሳዎቹ እንደ ቅጠል ረገፉ። አንደኛው ዝርያ፣ ጀርባው ነጭ የሆነው፣ በ15 ዓመት ውስጥ ከ1,000 አንድ ብቻ እስኪቀር ድረስ አለቀ። ምን ገደላቸው? ብዙ ተፈለገ። በ2004 መልሱ ታወቀ፤ ዳይክሎፌናክ ነው። እኛ ወገባችንን ሲያመን ከፋርማሲ የምንገዛው ያው ማስታገሻ። ገበሬዎች ለታመመ ከብት ይሰጡት ነበር። ከብቱ ሲሞት ወፉ ሥጋውን ይበላል፣ ኩላሊቱ ይበላሻል፣ ይሞታል። ሕንድ መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ የከለከለችው በ2006 ነው።

እስከዚያው ግን ጥንቡ ሜዳ ላይ ቀረ። ውሻው በዛ። በ2008 የወጣ አንድ ጥናት እንደገመተው፣ ከ1992 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ወፎቹ በመጥፋታቸው ብቻ ወደ 48,000 የሚጠጉ ሰዎች በእብድ ውሻ በሽታ ሞተዋል። ይህን ቁጥር ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። አንድ ሰው እንኳ «ወፍ ስለጠፋ ነው የሞትኩት» ብሎ አያውቅም። በሰውና በወፉ መካከል ያለው ገመድ በዓይን አይታይም።

[ምስል፦ የኢትዮጵያ ካርታ፤ ከዚያ የቄራ ግቢ።]

እኛስ? ተመራማሪዎች ከ2014 እስከ 2019 በኢትዮጵያ ስድስት ቄራዎች ላይ ተቀምጠው ማን መጣ፣ ማን በላ እያሉ ቆጠሩ። ሁለቱ ትልልቅ የጥንብ አንሳ ዝርያዎች በዚያች አጭር ጊዜ በ73 በመቶ ቀነሱ። የውሻው ቁጥር ከእጥፍ በላይ ሆነ። ሕንድ የሄደችበትን መንገድ ጀምረነዋል ማለት ነው።

[ምስል፦ የልጅ እግር፣ በጄሪካን ውሃ ሲታጠብ።]

አምና የጎረቤቴ ልጅ ተነከሰች። የ7 ዓመት ልጅ ናት። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ፤ ደም እንኳ ብዙ አልፈሰሰም። ስደርስ እናትየው ፌጦ ልትቀባላት ነው።

«እትዬ፣ ቆዪ! መጀመሪያ ውሃና ሳሙና።»

«የሰፈራችን ውሻ እኮ ነው፤ ምን ያደርጋታል ብለህ ነው?»

የዚያን ቀን ፈረቃችን አልነበረም፣ ቧንቧው ደርቋል። ከአራተኛ ፎቅ ጄሪካን አወረድን። ስልኬ ላይ ሰዓት ያዝኩና 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙና አጠብናት። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ እናትየው «አይበቃም ወይ?» ትላለች። አይበቃም ነበር። ከዚያ በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ። የመጀመሪያው ጋ ክትባቱ አልቋል ተባልን። ሁለተኛው ጋ አገኘን። ውሻው በአራተኛው ቀን ገደሉ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ልጅቷ ቀጠሮዋን ሳታዛንፍ ክትባቱን ጨረሰች፤ አሁን ደህና ናት፣ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች።

ለምንድነው እንዲህ የምንቻኮለው? ቫይረሱ ያለው በውሻው ምራቅ ውስጥ ነው። በንክሻው ይገባና የነርቭን መንገድ ይዞ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይወጣል። ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ይፈጅበታል። ያ ጊዜ የኛ ነው። ክትባቱ ቀድሞ ከደረሰ ሰው ይድናል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን፣ ውሃ መፍራቱ፣ መቃዠቱ ከጀመረ በኋላ፣ ከሞት የሚያስጥል ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደዚህ ይሞታል ተብሎ ይገመታል፤ ከ100 ሟች 99ኙን ያስያዘው ውሻ ነው። ጠበል መጠመቅ የሚፈልግ ይጠመቅ፤ ክትባቱን ግን የዚያኑ ቀን ይጀምር። የነከሰው ውሻ ከተገኘም ከመግደል ይልቅ አስሮ 10 ቀን ማየት ይሻላል። ከታመመ ወይም ከሞተ ለሐኪሙ ቶሎ መንገር ነው።

[ምስል፦ ሌሊት፣ በባትሪ ብርሃን የሚያበሩ ዓይኖች።]

ውሻ በዛ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መርዝ ነው። ሥጋ ላይ መርዝ አድርጎ መጣል። ይህን ነገር አጥብቄ እቃወማለሁ። መርዙ ውሻው ላይ አይቆምም። የሞተውን ውሻ ጥንብ አንሳው ይበላዋል፣ እሱም ይሞታል። በአፍሪካ ጥንብ አንሳን ከሚጨርሱት ነገሮች ዋናው መርዝ ነው። ምግቡ እዚያው ካለ ደግሞ የሞተውን ውሻ ቦታ ሌላ ያልተከተበ ውሻ ይይዘዋል። በሽታውን የሚያቆመው ክትባት ነው፤ ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተቡ ቫይረሱ የሚተላለፍበት ያጣል።

በሽታው ደግሞ ከኛ ወደ ዱርም ይሄዳል። ባሌ ተራሮች ላይ ያለችው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 በታች ነው የቀረችው። በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ከእረኞች ውሾች ተላልፎ ወብ ሸለቆ ገባ፤ እዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛው ያህል አለቁ። ቀሪዎቹን ያተረፈው ወደ ሌሎቹ ሸለቆዎች በሚያሻግሩት መተላለፊያዎች ላይ ያሉትን ቀበሮዎች ይዞ መከተብ ነበር።

[ምስል፦ ጅብ፣ ከቆሻሻ ክምር አጠገብ።]

ስለ ጅብም እውነቱ ይነገር። ጅብ በግ ይበላል፣ አህያ ይበላል፣ ሰውም ይነክሳል። ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ የጅብ ፋንድያ የመረመሩ ሰዎች በሁዳዴ ጾም ወቅት የአህያ ፀጉር ከእጥፍ በላይ ጨምሮ አግኝተውታል። እኛ ስንጾም ቄራው ይዘጋል፣ ጅቡ ወደ አህያ ይዞራል። ምን ያህል ኑሮው ከኛ ኑሮ ጋር እንደተሳሰረ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ግን መቀሌ ላይ የተሠራውን ስሌትም እንስማ። በ2021 በታተመው ጥናት፣ የከተማዋ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የከብት ተረፈ ሥጋና ጥንብ ያነሳሉ። በዚህም በዓመት 5 ሰዎችን እና 140 ከብት፣ በግና ፍየል ከአባ ሰንጋና ከከብት ሳንባ ነቀርሳ እንደሚያድኑ ተገምቷል። ደሞዝ የሌለው ጽዳት ሠራተኛ ነው።

ከብት በድንገት ሞቶ በአፉ ወይም በአፍንጫው የማይረጋ ደም ከፈሰሰ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። አትግፈፉት፣ አትብሉት፣ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ጥንቡ ሲከፈት ጀርሙ አየር ያገኝና ለአሥርተ ዓመታት አፈር ውስጥ ይቆያል።

[ምስል፦ የቅርጫ ማኅበር ስብሰባ፣ ከብሎኩ ሥር፣ የፕላስቲክ ወንበሮች።]

ታዲያ አንጀቱን የት እናድርገው? መቅበር ጥሩ ነው፣ ግን ወፉም ይራባል። በቅርጫ ማኅበራችን ስብሰባ ላይ ይህን ሳነሳ መልሱን የሰጡት ጋሼ ናቸው። «አጥሩት» አሉ። «አጥር ውሻን ነው እንጂ አሞራን መቼ ይከለክላል?»

እውነት ነው። ትልልቆቹ ቄራዎችም ይህን ቢያደርጉ ውሻው በር ላይ ይቀራል፣ ወፉ ከላይ ይገባል። እኛ ብር አዋጣን። ከቤቶቹ ራቅ ብሎ ሜዳው ጥግ ላይ አራት በአራት ሜትር በቆርቆሮ ዙሪያውን አጠርን፣ ላዩን ክፍት ተውነው። እዚያ የሚገባው በእንስሳት ሐኪም ከታየ ጤነኛ በሬ የተረፈው ብቻ ነው። በዚያው ሰሞን የሰፈሩን ውሾች የሚከትብ ባለሙያ አስጠራን፤ 31 ውሻ ተከተበ።

[ምስል፦ ፋሲካ፣ ከቀትር በኋላ። ከቆርቆሮው አጥር በላይ ሰማይ።]

ዘንድሮ ፋሲካ፣ ስምንት ሰዓት አካባቢ፣ ጋሼ ከታች ጠሩኝ። በረንዳ ወጣሁ። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ ላይ እያዩ ይቆጥራሉ።

«አራት» አሉ። «አይ፣ ቆይ። አምስት።»