ፖስታው ዛሬ ይሞላ፦ የእድራችን ዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ከቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያም ከሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግም ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዛሬ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ኢሚግሬሽን ድንገት ቢይዛችሁ ቤተሰባችሁ የሚያስፈልገውን መረጃ የያዘ ፖስታ እንድትሞሉ።

በዚህ ዓመት ስልኬ አብዝቶ የጮኸው ማታ ማታ ነው። አንዱን ልንገራችሁ። «ባለቤቴ ጠዋት ሥራ እንደወጣ ቀረ» አለችኝ አንዲት እህት። አይስ፣ ማለትም የኢሚግሬሽን ፖሊስ፣ እንደያዘው የነገራት አብሮት የሚሠራ ልጅ ነው። የት እንደወሰዱት አታውቅም። ጠበቃ ይኑረው አይኑረው አታውቅም። ኤ ነምበሩን ስጠይቃት «ምንድነው እሱ?» ብላ አለቀሰች።

ኤ ነምበር ኢሚግሬሽን ለባለጉዳዩ የሚሰጠው መለያ ቁጥር ነው። ወርክ ፐርሚት (የሥራ ፈቃድ ካርድ) ላይ አለ፤ ከኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት በሚመጣው ወረቀት ላይም አለ። የተያዘን ሰው በመንግሥት ድረ ገጽ ለመፈለግ ይህ ቁጥርና የትውልድ አገር ይበቃሉ። ቁጥሩ ከሌለ በስም ነው የሚፈለገው። የእኛን ስም ደግሞ ታውቁታላችሁ። አንዱ ስም በአምስት ዓይነት ስፔሊንግ ይጻፋል። ሰውየውን ቨርጂኒያ ውስጥ ፋርምቪል ካለው የኢሚግሬሽን ማቆያ እስክናገኘው ሁለት ቀን ፈጀብን። ከዚህ ሦስት ሰዓት ገደማ ይነዳል። ቴክሳስ ወይም ሉዊዚያና የሚወሰዱም አሉ። በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መንግሥት ጠበቃ አያቆምም፤ ቤተሰብ ራሱ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ያ ሁለት ቀን ያንገበግበኛል።

ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና ትምህርት ቤትን ከአይስ ይከልላቸው የነበረው መመሪያ ተነሥቷል። ቅዳሴ የቀሩ እናቶች አውቃለሁ። ለኢትዮጵያውያን በ2022 የተሰጠው ቲፒኤስ የሚባለው ጊዜያዊ ከለላም ቋሚ መኖሪያ አልነበረም።

በጎ ፈቃደኞቻችን ግን አኮሩኝ። ሌሊቱን ሙሉ ኡበር ሲነዳ አድሮ፣ በራሱ ቤንዚን ሚስትና ልጆችን ለጥየቃ ፋርምቪል ያደረሰ ወንድም አለን። ከሥራ ፈቃድ ወስዳ፣ ፍርድ ቤት ከማታውቃት እናት ጎን የተቀመጠች እህት አለችን። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ያስተረጎሙ፣ ልጆችን ከትምህርት ቤት ያመጡ ብዙ ናቸው። እድራችን ለለቅሶ ነበር የተቋቋመው። ቆሞ ላለ ሰውም መድረስ እንደሚችል ዘንድሮ አየሁ።

የሚያሳዝነኝ መደበቃችን ነው። «ጉዳዬን ሰው እንዳይሰማ» እንላለን። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ እኔም ወረቀት ስጠብቅ ለወንድሜ እንኳ አልተነፈስኩም ነበር። ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለ?

ማኅበሩ የማንንም ዝርዝር አይዝም። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ አይዝም። ፖስታ ብቻ አዘጋጅተናል። ኤ ነምበር፣ የጠበቃ ስልክ፣ የምትወስዱት መድኃኒት፣ ልጆቹን የሚያነሣው ሰው ስምና የተፈረመ ውክልና ይግባበት። ከዚያ ለምታምኑት አንድ ሰው ስጡ። አንድ ስልክ ቁጥር ደግሞ በቃላችሁ አጥኑ፤ ሲያዙ ሞባይል ይወሰዳል።

ፖስታዎቹ መግቢያው ላይ ናቸው። ወረቀታችሁ የተሟላላችሁም ውሰዱ፤ ጎረቤታችሁ ላይኖረው ይችላል። ምሳ እስኪቀርብ ጊዜ አለ፤ እስክሪብቶም አለ። አሁን ገንዘብ ያዣችን የዓመቱን ሒሳብ ያቀርቡልናል።