ተቀባይ ያጣ ዜማ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ከአዳማ፣ ከቤቴ ነው የማወራችሁ። መስኮቱን ዘግቼዋለሁ፤ የኅዳር ነፋስ ግን ጣራውን መደብደቡን አልተወም፤ ድምፁ ከገባባችሁ እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ስግድ ነበር። እኛ ቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ስግድን የምናከብረው ከአስተስርዮ፣ ከስርየት ቀን (ዮም ኪፑር)፣ በኋላ በ50ኛው ቀን ነው። አባቴ በልጅነቱ ያከበረው በጎንደር፣ አምቦበር ነው። ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ተራራ ይወጣሉ፤ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ፣ አንዳንዱም ድንጋይ ተሸክሞ ይከተላል። እላይ በግእዝ ይነበባል፣ በአማርኛ ይተረጎማል። እኩለ ቀን ሲያልፍ በነጋሪትና በቃጭል፣ በእልልታ ቁልቁል ተወርዶ ጾሙ ይፈታል።

በእኛ ግቢ ተራራ የለም። አባቴ ወንበሩን ወደ ሰሜን፣ ወደ ኢየሩሳሌም አዞረና «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ብሎ ጀመረ። ከዚያ ዝም አለ። የረሳው መስሎኝ ደነገጥኩ። አልረሳም፤ በሁለት ጣቱ የወንበሩን ክንድ ቀስ እያለ ይመታ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ያንኑ ስንኝ ዝቅ ባለ ሌላ ድምፅ ደገመው። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ድምፁ ተመለሰና ቀጣዩን መራ።

ስንት ዓመት ሰምቼው ያን ቀን ገና ገባኝ። አባቴ ሁለቱንም ወገን ብቻውን እያዜመ ኖሯል።

ይህ ዜማ የመሪና የተቀባይ ነው። አንዱ ቄስ ይመራል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ተቀባዮቹም እንደ ሠለጠነ መዘምራን በአንድ ልክ አይወጡም፤ አንዱ ቀደም ይላል፣ አንዱ ይዘገያል፣ ሁሉም በየጉሮሮው ያስጌጠዋል። ውበቱ ለእኔ እዚያ መደራረቡ ላይ ነው። በዚያ ላይ አልተጻፈም። ቤተ ክርስቲያን ድጓዋን በምልክት አኑራለች፤ የእኛ ግን ከቄስ ወደ ተማሪ በቃል ሲተላለፍ የኖረ ነው። በጸሎቱ ውስጥ ዛሬ አብዛኛው ምእመን ትርጉሙን የማያውቀው የአገውኛ ቃል ሳይቀር በዜማው ታቅፎ እዚህ ደርሷል።

ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰደ። የአባቴ እኅቶችም ሄዱ። እሱ ለሥራ አዳማ ወርዶ፣ ትዳር ይዞ ነበርና ቀረ። ሰው ስለዚያ ቀን ሲያወራ የሚያነሣው አውሮፕላኑን ነው። እኔ ደግሞ አሁን የማስበው ተቀባዮቹን ነው።

ስግድ በእስራኤል ከ2008 ጀምሮ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ በሕግ የታወቀ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። ልቤ ሙሉ በሙሉ ይደሰትበታል። ማታ በስልኬ የኢየሩሳሌሙን በዓል ለአባቴ ከፈትኩለት፤ ቄሶቹ በባለ ጥልፍ ጃንጥላቸው ሥር ቆመዋል፣ ሕዝቡ እስከ ዳር ድረስ ነጭ ነው። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና፣ «ማይክሮፎኑ መሪው አፍ ላይ ብቻ ነው፤ ተቀባዮቹን ዋጣቸው» አለ።

እውነቱን ነው። ቅጂ የሚያነሣ ሰው ካለ ይህን አደራ እላለሁ፤ እባካችሁ ድምፅ መቅጃውን ወደ ኋላም አዙሩት።

«አባባ፣ የተቀባዩን ብቻ አስተምረኝ» አልኩት። መሪነት የቄስ ነው፣ አልመኘውም። ሦስት ምሽት ተቀመጥን። ግእዙ ከበደኝ፤ ከሁሉ የከበደኝ ግን የት መግባት እንዳለብኝ ማወቁ ነው። መሪው ትንፋሹን ሳይጨርስ መነሣት አለብህ ይለኛል፤ ጨርሶ ከጠበቅከው ዜማው ይወድቃል።

ዓርብ፣ ሰንበት ሊገባ ሲል፣ ወንበሩን አዞረና ጀመረ። ቀድሜ ገባሁ። ቃሌ በቃሉ ላይ ወደቀ። ዞር ብሎ አላየኝም፤ አላረመኝምም። ጣቱ ወንበሩን መምታቱን ቀጠለ፣ ቀጣዩን ስንኝም ከዚያው አነሣው።